ከአቡጀዲው ጀርባ ያየሁት ደረጃ

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ፣ አምቦ። ኦቦ ደበላ፣ ከእሳት ቃጠሎ በኋላ በሚታደሰው ሲኒማ ቤት ውስጥ ከግድግዳ ጋር ተጋጩ። ግንባራቸው ተላጠ፤ ሌላ ጉዳት የለም።

እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። የትናንቱ ካፊያ ያረጠበው የከሰለ እንጨት ሽታ ከአዲስ ሲሚንቶ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ ለዘገባ የከፈትኩት ደብተር ባዶውን ቀረ።

አባቴ ወንጌላዊ ነበር፤ ሲኒማ ቤትን ከመጠጥ ቤት ለይቶ አያይም። እኛ የምእመናኑ ልጆች ግን ቅዳሜ ከመዝሙር ልምምድ ስንወጣ እግራችን ወደዚያው ያመራል፤ የፊልም ማሽን ሠራተኛው ኦቦ ደበላም ላለመዋሸት ሲሉ በጓሮ በር አስገብተው ፊልሙ ከሚታይበት የአቡጀዲ መጋረጃ ጀርባ፣ በተሰበሩ ወንበሮች መሀል ያስቀምጡናል፤ አባት መጥቶ ሲጠይቅ «አዳራሹ ውስጥ አንድም የእናንተ ልጅ የለም» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ በእኛ ፊልም ፈረሱ ሁሉ በተቃራኒው አቅጣጫ ይጋልባል፣ ተኳሹ ሁሉ ግራኝ ነው፤ ጽሑፉንም ከመገልበጡ የተነሳ እንደ ምስጢር ነበር የምናየው። መብራት ከመጥፋቱ በፊት በጨርቁ ጠርዝ አጮልቄ ኦቦ ደበላን አያለሁ፤ የፊልሙን ቆርቆሮ ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ በሚንቋቋው የእንጨት ደረጃ፣ በግራ በኩል ወደ ማሽን ክፍላቸው ሲወጡ።

ባለፈው በጋ ቤቱ ሲቃጠል ጣሪያውም ማሽኑም ደረጃውም አመድ ሆኑ። ፕላን የሚባል ነገር አልነበረውም። የእድሳት ኮሚቴው ሽማግሌዎች ተሰብስበው ምኑ የት እንደነበር ሲከራከሩ ውለው፣ «ጋዜጠኛው ይንገረን» አሉ። ኦቦ ደበላ ለዓይናቸው ሕክምና አዲስ አበባ፣ ልጃቸው ዘንድ ነበሩ። ዓይናቸው ፊት ለፊት ያያል፤ ጎናቸውንና እግራቸው ሥር ያለውን ግን አያይም። በስልክ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ ሁሉም የነበረበት ይሁን፣ ያን ጊዜ ማንም እጄን ሳይዘኝ እሠራለሁ። እኔም ከበሩ ስትገቡ ደረጃው በግራ ነው አልኩ። አልተጠራጠርኩም፤ በስልክ እሳቸውን መጠየቅም አላሰብኩም። ዘጠኝ የድንጋይ ደረጃ ተሠራ።

ዛሬ መጡ። የኮሚቴውን ሊቀመንበር እጅ ገፍተው ገቡ፣ ወደ ቀኝ ዞሩ፣ አንገታቸውን ደፍተው እግራቸውን ለመጀመሪያው ደረጃ አነሱ።

«ደረጃዬን ማን ሰረቀው?»

«በግራ ነው ኦቦ» አለ ግንበኛው ታሪኩ። «ጋዜጠኛው ነው ያለው።»

ወደ እኔ ዞረው ሳቁ። «አዬ፣ ኢልማ ኮ!» በልጅነቴም ልጄ የሚሉኝ እንዲሁ ነበር። «አንተ'ኮ ከጨርቁ ጀርባ ነበርክ! ያንተ ግራ የኔ ቀኝ አይደል?»

እኔ አልሳቅሁም።

«ክረምት ሳይገባ ጣሪያ መምታት አለብኝ» አለ ታሪኩ። «በግራ መውጣቱን ይልመዱት።»

«አርባ ዓመት በቀኝ የወጣ እግር ነው። ዛሬ ምን ብዬ ላስተምረው?» ሳቃቸው አለቀ። «ሌላ ሰው ፈልጉ» ብለው የሲሚንቶ ጆንያ ላይ ተቀመጡ።

ስለዚህች ከተማ ስንት ነገር አረጋግጬ ጽፌአለሁ። እናትና አባቴ ካለፉ፣ አብረውኝ ከጨርቁ ጀርባ የተቀመጡት ከተበተኑ በኋላ፣ ስለ ልጅነቴ ተጠይቄ ሳላመነታ የምመልሰው አንድ ነገር ያ ደረጃ ነበር። አሁን የጓሮው በር በየት በኩል እንደነበረም ብጠየቅ፣ መጀመሪያ የት ሆኜ እንዳየሁት ማሰብ ሊኖርብኝ ነው።

ኮቴን አውልቄ መዶሻ ጠየቅሁ። ታሪኩ ሸሚዜን አየና «እርስዎ ይጻፉ፣ ጋሼ» አለኝ። አልተንቀሳቀስኩም። ሰጠኝ፤ ሌላም ለራሱ አነሳ።

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከዘጠኙ ደረጃዎች ሰባቱ ፈርሰዋል። ኦቦ ደበላ ወደ ቤታቸው አልሄዱም።