የአባቴ ጠያቂዎች

ከአንበሳሜ ወደ ዐረብ አገር የወጣሁት ጎህ ሊቀድ ሲል፣ ጉንፋን ይዞኝ፣ አፍንጫዬ እየፈሰሰ ነው። ሊሸኘኝ የተሰበሰበው ጎረቤት ግን ግራ ቀኝ እያገላበጠ ሳመኝ፤ እኔም ሳምኩት። በእኛ አገር ጉንፋን ይዞኛል ብሎ ፊቱን የሚያዞር ሰው ወይ ኩሩ ነው ወይ ቂመኛ። አባቴን ብቻ ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ። ደረታቸው ደካማ ነው። ዕድሜ ልካቸውን አውድማ ላይ የዋጡት እብቅ ሳንባቸውን ጎድቶታል፤ እኛ በሦስት ቀን የምንረሳው ጉንፋን እሳቸውን ትንፋሽ ያሳጥራቸዋል።

በሐሙሲት በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚኒባስ ስንሄድ መስኮት የሚባል ነገር አይነካም። ታፍኜ ላብ ላብ ቢለኝ አንዱን ገርበብ አደረግኩት።

«አንቺ ልጅ፣ በምች ልትፈጂን ነው?» አለኝ ከኋላ አንዱ። ዘጋሁት። ያን ሁሉ መንገድ አንዱ የተነፈሰውን ሌላው እየሳበ፣ ተራ በተራ እየሳልን ደረስን። እህቶቼ፣ እናንተም ዛሬ እንደዚያው እንደምትሄዱ አውቃለሁ።

ዐረብ አገር የተቀጠርኩበት ቤት ስደርስ እመቤቲቱ፣ ማዳም የምንላት፣ በር ላይ ጠርሙስ ይዛ ጠበቀችኝ። ፊቴ ላይ ልትረጭ ስታነሳው ፀበል መስሎኝ አቀረቀርኩ። ሽታው አረቄ አረቄ ይላል፤ ለካስ አልኮል ነው። ከዚያ ሕጓን ነገረችኝ። እጅ በሳሙና፣ በጣቶች መሃል ሳይቀር፣ እስከ ሃያ እየቆጠሩ መታጠብ። ሳል ሲመጣ በመዳፍ ሳይሆን በክርን መከለል። የተናፈጡበትን ወረቀት ወዲያው መጣል። የቤቱን አየር በየጠዋቱ መቀየር። የታመመ ሰው ኩባያ ለብቻው። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛውን ኮማማ ይሉታል፤ እሱም አለ። እውነቱን ለመናገር ትምህርቱ ጥሩ ነው፤ እህቶቼ፣ ያዙት። እኔን ያናደደኝ ሕጉ የሚሠራው ከእኔ ወደ እነሱ ለሚሄደው ጉንፋን ብቻ መሆኑ ነው።

የጉንፋን ክትባት ሊወጉ ሲሄዱ ልጆቹን ልይዝ አብሬ ሄድኩ። አሮጊቷ የማዳም እናት ሳይቀሩ ተወጉ። ነርሷ ወደ እኔ እያየች «እሷስ?» አለች።

«እሷ ጠንካራ ናት። ሐበሻ አይታመምም» አለች ማዳም።

ብዙም ሳይቆይ ትንሹ ልጅ ከትምህርት ቤት ጉንፋን ይዞ መጣ። አስታማሚው እኔ ነኝ። ኮማማ ላደርግ ስል ልጁ ይፈራል ተባልኩ። ፊቴ ላይ ሲያስነጥስ ሰነበተና እሱ ሲነሳ እኔ ወደቅኩ።

«ይህን በሽታ ከአገርሽ ይዘሽ መጣሽ!» አለች ማዳም።

«ማዳም፣ ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው።»

«ተደብቆ ቆይቶ ነዋ!»

ቤቷ ያስገባኝ ደላላ ዘንድ ደወልኩ። የአገሬ ልጅ ነው ብዬ።

«ትኩሳት ይዞኛል፣ ቆሜ መሥራት አልቻልኩም።»

«ስንት ነው ትኩሳትሽ?»

«ሠላሳ ዘጠኝ።»

«ውጭው አርባ አምስት ነው። አንቺማ ቀዝቅዘሻል!» ብሎ ስቆ ዘጋው።

ቤቴ ብሆን አጥሚት ነበር የሚቀርብልኝ፣ ነጭ ሽንኩርት በማር ነበር። እዚህ የትናንት ሩዝ። ንዴቱ ነው መሰለኝ ከአልጋዬ ያነሳኝ። ኩሽና ገብቼ «እሺ ማዳም፣ ሾርባውን እኔ ልሥራ፤ እናትሽንም በእጄ ላጉርሳቸው» አልኳትና እዚያው ሳልኩ። ዓይኗ ፈጠጠ። ሦስት ቀን ከክፍልሽ እንዳትወጪ አለችኝ። ሕጓ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእኔም ሠራ።

በሁለተኛው ቀን እናቴ ጋ ደወልኩ። አባቴ ጉንፋን ይዟቸው ተኝተዋል አለችኝ። የራሴን ሕመም ረሳሁት።

«ጤና ጣቢያ ወሰዳችኋቸው?»

«ወስደናል። መድኃኒት ሰጡን። ትንፋሽ ካጠራቸው ፈጥናችሁ መልሷቸው፣ ሰውም አይብዛባቸው ብለዋል።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ድምፅ የማን ነው?»

«ጠያቂ ነዋ! መርጌታ አሉ፣ አያ ደሴ አለ፣ እትዬ ጥሩ ከነልጆቿ አለች። ስመው ስመው አሁን ነው የተቀመጡት።»

«የሚስለው ማነው?»

«አያ ደሴ። እሱንም አሞት ነው የመጣ፣ እግዜር ይስጠው።»

«እማ፣ መስኮቱን ክፈቺ። ሰዉን አስወጪ።»

«አብደሻል? የጉና ብርድ ይግደላቸው? ደሞስ ሊጠይቅ የመጣን ሰው ውጣ ብዬ፣ ነገ ክፉ ቀን ሲመጣ ማን ይደርስልኛል? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል አልሰማሽም?»

የሩቅ ዘመዷ እኔ ነኝ። በእሷም፣ በአያ ደሴም፣ ሰውን በፍቅር እየሳመ በሚገድል ልማዳችንም ተናደድኩ። ግን እናቴ «ውጡ» የሚለውን ቃል ከአፏ ብታወጣ እዚያ መኖር አትችልም። እኔ ደግሞ እዚያ አልኖርም።

«የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጊና መሃላቸው አስቀምጪው» አልኳት።

«ሰላም ልትያቸው ነው?»

«አዎ» ብዬ ዋሸኋት።

«መርጌታ፣ እንደምን ዋሉ። አያ ደሴ፣ እንደምን ዋሉ። እትዬ ጥሩ፣ እንደምን ዋሉ። አባቴ ደረታቸው ደካማ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አያ ደሴ፣ እርስዎ ፊታቸው ላይ ነው የሚስሉት። እባካችሁ ተነሱና ወደየቤታችሁ ግቡ። መጠየቅ የፈለገ ሰው ደጅ ቆሞ እግዜር ይማርዎ ይበል። እናቴ የለችበትም፤ ያልኩት እኔ ነኝ። ክፉም በሉኝ።»



«ዐረብ አገር ሄዳ እንዲህ ሆና ቀረች?» አሉ እትዬ ጥሩ።

«ልጅ ተናግራለች፣ እንነሣ» አሉ መርጌታ። መቋሚያቸው መሬቱን ሲመታ ሰማሁ። እናቴ «ይቅር በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ» እያለች እስከ በር ተከተለቻቸው። ትክክል ነበርኩ፤ አፍሬም ነበር።

አባቴ ተሻላቸው። ሳምንታት አልፈው ራሳቸው ስልኩን አንስተው አናገሩኝ። ትንፋሻቸው አይቆራረጥም።

«ድኛለሁ፣ ልጄ። ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጫለሁ።»

«ተመስገን! ሰው ይመጣል?»

«በመንገድ ሲያልፍ ቆም ይልና እግዜር ይማርዎ ይላል። አይገባም።»

«አሁን ድነዋል እኮ፣ አባ። ግቡ ይበሏቸው።»

«ብያቸዋለሁ። ልጅዎ ትቆጣናለች ይሉኛል።»

ሌላ ጊዜ «በቃ ልዝጋው» የምለው እኔ ነኝ። ያን ቀን ስልኩን ቀድመው የዘጉት እሳቸው ናቸው።