በኩባያ የተከፈለው ዱባ

ልጄ ኡምኩልሱም ዱባይ ድረስ ሄዳ ያመጣችው ሙያ ዱባ መጥረብ ነው እያልኩ መቀለድ ይቃጣኝ ነበር። አሁን አልቀልድም።

በ2005 ዓ.ም. መስከረም ሲያልቅ፣ ሦስት ዓመት ከሠራችበት ቤት አንዲት ፌስታል ልብስ ይዛ መካነ ሰላም ገባች። አቅፋኝ አለቀሰች። "ምን አደረጉሽ?" ስላት "ምንም፣ እማ" ናት። የምትበላው ቆማ ነው፤ ቶሎ ቶሎ፣ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ። የጎረቤቴ የአልታዬ ልጅ ከዚያው አገር ተመልሳ የቆርቆሮ ቤት ሠርታለች። አልታዬ ይህን ባነሳች ቁጥር "ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል" እላትና አፏን አስይዛታለሁ። በሆዴ ግን እፈራ ነበር። በከላላ በኩል ከዓረብ አገር የተመለሰች ልጅ አእምሮዋን ስታ ገደል ገብታለች ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ ያለችኝ ልጅ አንድ ናት።

ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ከገበያ ተመለስኩ። ገና ከሰዓት ነው፤ ደመናው ግን ቤቱን አጨልሞታል። ከጓሮ የቆረጥኩት ትልቁ ዱባ መስኮቱ ላይ ተቀምጦ አየኝ። አዎ፣ አየኝ። ሁለት ዓይን አለው፣ ጥርስ አለው፣ ሆዱ ውስጥ ሻማ ይነድዳል። ኡምኩልሱም ከሆዱ ፍቃ ያወጣችውን በሰፌድ ይዛ አጠገቡ ተንበርክካ ፈገግ ብላለች። ከመጣች ወዲህ ፈገግታዋን ሳይ ያን ቀን ገና መጀመሪያዬ ነው። ክው አልኩ። ዱባ ይበላል እንጂ ጥርስ ያወጣል?

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ፋኖስ ነው፣ እማ። የፈረንጆች በዓል ሲደርስ ለማዳሟ ልጆች እሠራላቸው ነበር። ልጆቹ ይወዱኝ ነበር።"

ወጥቼ ለአልታዬ ነገርኳት። አልታዬ የአንድ ለአምስታችን መሪ ናት፤ ስለ ማዳበሪያም ስለ ጂንም መመሪያ አታጣም። "ልክፍት ነው፣ ዙሀራ" አለችኝ። "ሼሁን እስክታመጪ ቆልፊባት። ገደል ብትገባብሽስ?"

ገደል የሚለውን ስሰማ የቀረችኝ ልቦናም ጠፋች። በእግሬ ጣት እየረገጥኩ ተመለስኩ። ኡምኩልሱም ድስት ጥዳ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ አላየችኝም። በሩን ቀስ ብዬ ገጠምኩና ቁልፉን ከውጭ አዞርኩት። ትጮኻለች፣ በሩን ትደበድባለች ብዬ ቆምኩ። ምንም ድምፅ የለም። ዝምታው ከጩኸት የባሰ አስፈራኝና ሮጥኩ።

ሼህ ሙሐመድአሚን ለቅሶ ሄደው ነበር። ሳፈላልጋቸው፣ ስለምናቸው ሁለት ሰዓት ያህል አለፈ። እሳቸው መንገድ ላይ "አብሽሪ፣ መጀመሪያ ልያት" ይሉኛል። እኔ የማስበው ቢላዋውን ነው። ዱባውን የጠረበችበት ቢላዋ እጇ ላይ እንዳለ ነው የቆለፍኩባት። ያ አላህ፣ በገዛ እጄ፣ እያልኩ እሮጣለሁ፤ እግሬ ግን አይሄድልኝም።

በሩን ስከፍት ቤቱ ዱባ ወጥ ዱባ ወጥ ይሸታል። ሻማው ጠፍቷል። ኡምኩልሱም መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ፊት ለፊቷ ስድስት ኩባያ ተደርድሯል፣ እጀታው የተሰበረው ሳይቀር። በየኩባያው ትንሽ ትንሽ ወጥ፣ እኩል እኩል። ፍሬው እንኳ ታምሶ በወረቀት ተጠቅልሏል። እኔ የማውቀው እንዲህ የሚደረደረው ለዛር ነው።

"ልጄ፣ ለማን ነው ያሰናዳሽው?" አሏት ሼሁ።

እሳቸውን አላየቻቸውም። የምታየው እጄ ላይ ያለውን ቁልፍ ነው።

"ለራሴ ነው" አለች። "ማዳሟ ቆልፋብኝ ስትሄድ ስንት ቀን እንደምትቆይ አትነግረኝም። ከፋኖሱ የተረፈውን ዱባ እንዲህ ከፋፍዬ በቀን አንድ ኩባያ እበላ ነበር።" ዓይኗን ከቁልፉ አንስታ እኔን አየችኝ። "አንቺም ስንት ቀን እንደሆነ አልነገርሽኝም፣ እማ።"

ያ በር ከዚያ ወዲህ በቀን ተቆልፎ አያውቅም። አሁን ተቀምጣ ትበላለች። ከሳህኗ ግን ሁልጊዜ ጥቂት ታስቀራለች፤ ለምን እንደሆነ ስለማውቅ አልጠይቃትም።