የትሁትና የባሕሪያ ጀበል

ትሁት የተወለደችው እናቷ አሰጋሽ ከመተማ ተሻግራ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከገባች በኋላ ነው። አሰጋሽ መጋዘን ውስጥ ሰሊጥ ስታበጥር ትውላለች፤ ልጅቱ ከትምህርት ቤት መልስ በር ዘግታ ትቀመጣለች። አሥራ አምስት ዓመት እስኪሆናት ጓደኛ አልነበራትም።

በ1996 ዓ.ም. ከጎናቸው አንድ የወሎ እስላም ቤተሰብ ቤት ተከራየ። ልጃቸው ባሕሪያ የትሁት እኩያ ናት፤ ወሬዋ አያልቅም። አንድ ዓርብ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን ተራራ አሳየቻት።

«ከዚያ ጀበል ላይ አገራችን ይታያል ይላሉ። እንሂድ?»

የባሕሪያ እናት ለብቻቸው አልለቅም ስላለች የባሕሪያ ታላቅ ወንድም ሁዜይፋ አብሯቸው ሄደ። ጫፍ ሲደርሱ የታየው የማሽላ እርሻና አቧራ ብቻ ነው። ሦስቱም ሳቃቸው አልቆም ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲያ ዓርብ በመጣ ቁጥር ውኃና ለውዝ ይዘው ይወጡ ጀመር። «እንጨት አትለቅሙ፣ ከብት አትጠብቁ፤ ዳገት ለዳገት ምን ትሠራላችሁ?» ይላሉ ጎረቤቶች። ትሁት ካርቱም ሄዶ ስለቀረው አባቷ ለሰው ተናግራ አታውቅም፤ እዚያ ላይ ግን ለባሕሪያ ነገረቻት።

በዓመቱ ባሕሪያ መንገድ ላይ ቶሎ ቶሎ መቀመጥ አመጣች። ትሁት «አሮጊት!» እያለች ትቀልድባት ነበር። በጥር ወር አንድ ዓርብ፣ እኩሌታው ላይ ሲደርሱ፣ «ትንሽ ልረፍ፣ ጠብቁኝ» አለች።

«ሁልጊዜ አንቺን ስንጠብቅ!» አለች ትሁት ተቆጥታ። «እዚሁ ቁጭ በይ፤ ስንመለስ እንወስድሻለን።»

ሲመለሱ ባሕሪያን ቋጥኝ ተደግፋ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ አገኟት። ሁዜይፋ በጀርባው አዝሎ አወረዳት።

የልብ ሕመም ነበር። ሁለት ወር ተኛች። ትሁት ልትጠይቃት ስትሄድ «ዛሬ ወጣችሁ?» ትላታለች።

«ወጣን» ትላለች ትሁት፤ ሳትወጣ። «ነፋሱ ሻሽሽን ይወስደው ነበር።»

ባሕሪያ በመጋቢት ሞተች። ትሁት ለቅሶው ቤት ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣ ዋለች። ከዚያ በኋላ የባሕሪያን እናት፣ ኻልቲ (አክስቴ) እያለች የምትጠራትን ሳዕዲያን፣ በሩቅ ስታይ መንገድ ትቀይር ነበር።

ስምንት ዓመት አለፈ። ትሁት ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ሆና ሳለ፣ ሁዜይፋ ፋው በምትባል ከተማ ሥራ አግኝቶ እናቱን ሊወስድ መሆኑን ሰማች። ሴትየዋ ዕቃ ስትቋጥር ደረሰች። በሩ ላይ ቆማ፣ «ኻልቲ፣ ባሕሪያ ጠብቁኝ ስትል ጥያት የሄድኩት እኔ ነኝ» አለች።

ሳዕዲያ የያዘችውን ጨርቅ አስቀመጠች።

«ሐኪሙ ዳገት እንዳትወጣ ከልክሏት ነበር። ከእኔና ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ‹ካወቁ ይተዉኛል፣ እንዳትነግሪያቸው› ብላ አስማለችኝ። ዓርብ ስትመለስ ፊቷን ባየሽው! መከልከል አቃተኝ፣ ልጄ። የሰደድኳት እኔ ነኝ።»

ትሁት የሄደችው ይቅርታ ለመጠየቅ ነበር። ያንኑ ሸክም ሌላ ሰውም ስምንት ዓመት ሙሉ ተሸክሞ መኖሩን አላሰበችም። ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ለሁለቱም ግን አልቀለላቸውም። መኪናው ሲመጣ ዕቃውን አብራ ጫነች። ወደ ሱቋ ተመልሳ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀመጠች፤ በዚያ ቀን አንድ ስፌት አልሰፋችም።