አንድ ዓይን ብቻ የሣልሁላቸው

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር። እኔ ቀለም እየበጠበጥሁለት አደግሁ፤ ፊደሉንም ሥዕሉንም በዓይኔ ሰርቄ ነው የተማርሁት። «ነይ ላስተምርሽ» ያለኝ ሰው የለም። ስለዚህ ጣልያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ፈረንጅ ሐኪም ቀሐ ካለው ቤታችን ድረስ መጥቶ «ሥዕል የምትሥል ሴት አለች አሉኝ» ሲል መሬት አልበቃኝም። ዛሬ ሳስበው መጀመሪያ የሚያሳፍረኝ ያ ደስታዬ ነው።

ሐኪሙ የሚመረምረው ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርደውን ነገር ነበር። በአስተርጓሚው አፍ «ፊደል ያልቆጠረ ሰውም እንዲገባው በሲኒማ ላሳይ ነው» አለኝ። «እጃቸው ላይ ስድስተኛ ጣት ያላቸው ቤተሰብ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም እንዴ! የእናቴ የአክስት ልጅ፣ «እታለም» እያልሁ የምጠራት፣ ኮላ ድባ ትኖራለች። ከትንሿ ጣቷ ጎን ጥፍር ያላት ጭማሪ ጣት አለቻት። እህል ስታበጥር ያችን ጣት ቀስራ፣ «አምስቱ ይሠራሉ፤ ይኸኛው ባላባት ነው፣ ቁጭ ብሎ ያዛል» ትል ነበር። ይህችው ጣት አባቷም ነበረቻቸው፤ ሴት ልጇም አላት። ልጅቷ ያኔ ታጭታለች። የእጮኛዋ አባት ጣቷን አይተው «ባላባቱንም አብረን ወሰድነው» ብለው ስቀዋል።

ሐኪሙን መርቼ የወሰድሁት እኔ ነኝ።

«ምነው፣ ጣቴ ሲኒማ ሊሆን ነው?» አለች እታለም እጇን ዘርግታ። «በሉ አንሡት! አንች ግን ሸጋ አድርገሽ ሣይኝ።»

የሰፈሩ ሽማግሌዎች ለሐኪሙ ዘሯን ቆጠሩለት። አንዱ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት «እኛ ሰባት ቤት የምንቆጥረው ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው፤ ይህ ደግሞ ጣት ፍለጋ ይቆጥራል» አለ።

ለሲኒማው የሚሆነውን የቤተሰቡን ሥዕል ስጀምር ሐኪሙ አንድ ነገር አስጠነቀቀኝ። ጣት ትንሽ ናት፣ ከሩቅ አትታይም፤ ጣቱ ያላቸውንና የሌላቸውን በሌላ ነገር ለዪልኝ አለኝ። የእኔ እጅ ደግሞ ሁለት ዓይነት ሰው መለየት የሚያውቀው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። አባቴ ጻድቃኑን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሥላል። ይሁዳንና አጋንንቱን በጎን፣ በአንድ ዓይን። አምስት ጣት ያላቸውን ፊት ለፊት ሣልኋቸው። እታለምን፣ አባቷንና ልጇን በጎን።

አላወቅሁም ብል ደስ ባለኝ። የእታለም ሁለተኛ ዓይን መኖር የነበረበት ቦታ ላይ ስደርስ ግን ብሩሼ ለአፍታ ቆሟል። ሐኪሙ ከኋላዬ «ግልጽ ነው፤ በጣም ግልጽ ነው!» ሲል መቆሙን ረሳሁት።

ፊልሙ ባሕር ማዶ ታጥቦ እስኪመለስ ወራት ፈጀ። ኮላ ድባ ሲደርስ ለሠርጉ ሁለት ሳምንት ቀርቶ ነበር። በገበያ ቀን፣ የትምህርት ቤቱን መስኮት በጋቢ ጋርደው፣ ነጭ አቡጀዲ ወጥረው አሳዩ፤ ሐኪሙ አልመጣም፣ አስተርጓሚውን ነው የላከው። እታለም ለድግሱ ጌሾ ታሰጣ ስለነበር «አንች አይተሽ ንገሪኝ» ብላ ቀረች።

መጀመሪያ እጇ መጣ፤ አቡጀዲውን ሞልቶ። «ባላባቱ! ባላባቱ!» እያለ ሰው በሳቅ ፈረሰ። ቀጥሎ የእኔ ሥዕል መጣ፤ ሳቁ ቀጥ አለ። የእጮኛው አባት ተነሡ።

«ለመሆኑ እነዚህ አንድ ዓይኖቹ ምን በድለው ነው?»

አስተርጓሚው በፈረንጅ ትምህርት ቤት ያደገ የሩቅ አገር ሰው ነው። «በደል የለም፣ አባቴ» አላቸው በትሕትና። «በዘራቸው የሚተላለፍባቸው ናቸው።»

አጠገቤ ያለችው ሴት አማተበች። ከኋላ አንዱ «ወይ ጉድ፣ እስከ ልጅ ልጅ!» አለ።

አስተርጓሚው ነገሩ አልገባውም። «ሠዓሊዋ እዚሁ ናት፤ ቁሚ ይዩሽ እንጂ!» አለ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፦ ዓይኑ ለጣቱ ምልክት ነው፣ ስህተቱ የእኔ ነው። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ሳብሁና አንገቴን ደፋሁ።

በሦስተኛው ቀን ከእጮኛው ቤት ሽማግሌዎች እጮኝነቱን ሊያፈርሱ መጡ። ያን ጊዜ ነው እየሮጥሁ ወደ እጮኛው አባት የሄድሁት። «አያ፣ ዓይኑን ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ሐኪሙም አላለኝ፣ እግዜርም አላለኝ» አልኋቸው።

«አምንሻለሁ፣ ልጄ» አሉኝ። «ግን አገሩን ሁሉ፣ ያየኸውን አላየህም ልበለው? የልጅ ልጆቼን ሰው በዚያ ዓይን ሲያያቸው ልኑር?»

ሐኪሙ ሲሰማ ደም መሰለ። ሥዕሉን ከፊልሙ ቆርጦ አወጣው። ከኮላ ድባ ሰው ልብ ግን በምን መቀስ ይወጣል?

ቀለሜን ይዤ እታለም ዘንድ ሄድሁ። ብሩሼ መቆሙን ሳይቀር ነገርኋት። የሰጣችው ጌሾ ገና አልተነሣም። ልጅቷ ከጓዳ አልወጣችም።

«እኔ እኮ ሸጋ አድርገሽ ሣይኝ ነው ያልሁሽ» አለች እታለም። ብትሰድበኝ በተሻለኝ። ቆይታ መደቡ ላይ ተቀመጠችና «በይ፤ አሁን ሣይኝ» አለችኝ።

ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይኗን አጉልቼ ሣልኋት። ወደ ታች ስወርድ እጇን አጣሁት፤ ሁለቱም ነጠላ ውስጥ ናቸው።

«እጅሽን፣ እታለም።»

«ይቅር፤ ባላባቱ ደክሞታል» አለች። እንደ ወትሮው አልሳቀችም።

ሥዕሉን ልተውላት ስል «ውሰጅው» አለችኝ። ይኸው ስንት ዘመኑ፣ ግድግዳዬ ላይ ሆና በሁለቱም ዓይኗ ታየኛለች።