ባዶ ወረቀት ላይ የተመታ ማህተም

ሾዴ ጀቤሳ ድሮም አርፋ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። ጉለሌ ባለው የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሃያ ስድስት ዓመት ስትሠራ ምሳዋን እንኳ ቆማ ስትጎርስ ነው ሰው የሚያውቃት። የሠራተኛ ማህበሩ ሊቀመንበር ከሆነች ወዲህ ደግሞ ባሰባት። የማህበሩ ክብ ማህተም በመሃረብ ተጠቅልሎ ቦርሳዋ ውስጥ ስለሚውል፣ ታክሲ ውስጥም ቅዳሴ ላይም በየደቂቃው እጇን እየሰደደች ትዳብሰዋለች። "ምን ጠፋብሽ?" ይሏታል። ምንም አልጠፋባትም፤ እንዳይጠፋባት ነው።

እንግዲህ እንዲህ የምትጠነቀቅ ሴት ናት፣ ወንድሟ ሱሉልታ ሞቶ ለለቅሶ ስትሄድ ሦስት ባዶ ወረቀት ላይ ማህተም መትታ ለማህበሩ ጸሐፊ ለአሽረፍ የተወችለት። ጥፋት መሆኑን ታውቃለች። ግን የት መሥሪያ ቤት ነው የማይደረገው? ማህተም ያዧ ለቅሶ ሄደች ተብሎ የሰው ጉዳይ አይቆም። ሁሉም ያደርገዋል፣ ማንም አይናገረውም።

በሳምንቱ ስትመለስ ሁለቱ ወረቀቶች ለሠራተኞች ጉዳይ ውለዋል። ሦስተኛዋ የለችም።

"የት ሄደች?" አለችው።

አሽረፍ ራሱን አከከ። "እትዬ ሾዴ፣ እንዳይቆጡኝ። አቶ ነገራ ወሰዷት።"

አቶ ነገራ የፌዴሬሽኑ ሰው ናቸው። ፌዴሬሽኑ በየአገሩ ያሉትን የፋብሪካ ሠራተኛ ማህበራት ያቀፈ ነው፤ ከገዢው ፓርቲ ጋር ደግሞ አንድ ግቢ ባይኖሩም በአንድ ቁልፍ ነው የሚገቡት። አቶ ነገራ ጠዋት የፌዴሬሽኑን ባጅ፣ ከሰዓት የፓርቲውን ያጠልቃሉ። ሁለቱን ደራርበው የሚውሉበትም ቀን አለ።

"ምን ሊጽፉባት?"

"የድጋፍ ደብዳቤ። ቅዳሜ በፓርቲው ስብሰባ ላይ የሁሉም ማህበር ይነበባል፣ የእናንተ ብቻ ሊቀር ነው አሉኝ። እኔ እኮ... ማለቴ፣ እንኳን አደረሳችሁ ምናምን ብቻ መስሎኝ!"

አቶ ነገራ የላኩለትን የደብዳቤውን ፎቶ ከስልኩ አውጥቶ አሳያት። አብዛኛው የተለመደው ውዳሴ ነው። መጨረሻው ላይ ግን "የሰርቪስ ጥያቄያችን በፓርቲያችን አመራር ሙሉ በሙሉ በመመለሱ ክሳችንን አንስተናል" ይላል። ሾዴ ክው አለች።

የጠዋቱ ፈረቃ አሥራ ሁለት ሰዓት ይገባል። ቁስቋም ዳገት ላይ የሚኖሩት ሴቶች በጨለማ ወጥተው በእግራቸው ይወርዳሉ፤ ጅቡም በዚያው ሰዓት ወደ እንጦጦ ጫካ ይመለሳል። በጥቅምት ሊሚ የምትባል የፈትል ክፍል ሠራተኛ ከጅብ ስትሸሽ ቦይ ውስጥ ወድቃ እግሯ ተሰበረ። ዛሬም ታነክሳለች። ማህበሩ ሰርቪስ፣ ማለት የሠራተኛ መኪና፣ ይመደብልን ብሎ ፋብሪካውን የከሰሰው ያን ጊዜ ነው። የሥራ ክርክር የሚሰማው ቦርድ ጉዳዩን የሚያየው ሰኞ ነው። ፋብሪካው ያችን ወረቀት ካቀረበ በቃ፣ አለቀ።

አቶ ነገራ ቢሮ በሩጫ ሄደች።

"ወይዘሮ ሾዴ፣ ይቀመጡ።"

"አልቀመጥም። ወረቀቴን ይመልሱልኝ።"

"ደብዳቤው ለፓርቲው ገብቷል፤ ግልባጩም ለፋብሪካው ደርሷል። ማህተሙ ደግሞ የእናንተ ነው። አልመታሁም ሊሉ ነው?" አሉ፣ ሻያቸውን እያማሰሉ።

ወረቀቱ ሐሰት ነው ለማለት ባዶውን እንደመታችው መናገር አለባት፤ ከተናገረች ደግሞ ከሊቀመንበርነቷ ትወርዳለች፣ ስሟም ይጠፋል። አርብ ቀኑን ሙሉ ስትንከራተት ዋለች። ከሽሮ ሜዳ ቁስቋም በእግሯ ወጣች፣ ማርያም ደጅ ቆማ የጀመረችውን ጸሎት ሳትጨርስ ወረደች። ለሊሚ ልትነግራት በሯ ላይ ደረሰችና ሳታንኳኳ ተመለሰች። ከአቶ ነገራ ይልቅ ራሷን ጠላች።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሁሉም አንድ ዓይነት ኮፍያ አድርጓል። ደብዳቤ ይነበባል፣ ይጨበጨባል፣ ሌላ ይነበባል። የብርድ ልብስ ፋብሪካው ተራ ደርሶ ተነቦ ሲያበቃ ሾዴ ብድግ አለች።

"ማህተሙ የኛ ነው፣ ቃሉ የኛ አይደለም!" አለች። "ባዶ ወረቀት ላይ የመታሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ሰርቪስ የሚባል አንድ ጎማ እንኳ አልመጣልንም። ክሱንም አላነሳንም።"

ከኋላ አንድ ሰው ከልማድ የተነሳ አጨበጨበ፤ ብቻውን መሆኑን ሲያይ እጁን ኪሱ ከተተ።

ኮሪደር ላይ አቶ ነገራ ፊታቸው በርበሬ መስሎ ጠበቋት። "ታግደዋል! ማህተሙን አሁኑኑ ያስረክቡ።" ለማገድ ሥልጣን ይኑራቸው አይኑራቸው የጠየቀ የለም።

ሾዴ እጇን ቦርሳዋ ውስጥ ሰደደች። "አስረክባለሁ። ያለ ርክክብ ሰነድ ግን አልሰጥም። ነገ ጣለችው ብትሉኝስ? ለምን እንደተቀማሁም ይጻፍበት።"

ይህን እንኳ አቶ ነገራ እምቢ አይሉም፤ ዕድሜያቸውን የኖሩት በርክክብ ነው። ደግሞም ጥፋቷን በጽሑፍ ማስፈር ደስ አላቸው። በቆንጆ የእጅ ጽሑፋቸው እንዲህ ብለው ሞሉት፦ "ወ/ሮ ሾዴ ጀቤሳ ምንም ባልተጻፈበት ወረቀት ላይ ማህተም መትተው በመስጠታቸውና የድጋፍ ደብዳቤው በኋላ በዚሁ ወረቀት ላይ በመጻፉ..." ፈረሙ። የፌዴሬሽኑን ማህተም እፍ ብለው አሳረፉበት። አንዱን ቅጂ ለራሳቸው፣ አንዱን ለእሷ። ማህተሙን ሰጠቻቸው፤ መሃረቧን ግን ነጥቃ አስቀረች።

ሰኞ ቦርዱ ፊት የፋብሪካው ጠበቃ ቀድሞ ተነሳና የድጋፍ ደብዳቤውን አቀረበ። "ክሱ ተነስቷል" አለ። ሾዴ ስለታገደች ማህበሩን ወክሎ የቆመው አሽረፍ የርክክቡን ሰነድ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሰብሳቢው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው በታዛቢነት የመጡትን አቶ ነገራን አዩ።

"ይህ የእናንተ ማህተም ነው?"

"አዎ፣ ነገር ግን..."

"ጽሑፉስ? የእርስዎ ነው?"

አቶ ነገራ ባጃቸውን ደባበሱ። ሰብሳቢው ደብዳቤውን ወደ ጠበቃው መልሰው ገፉትና፣ "ማህተሙ የተመታው ባዶ ወረቀት ላይ ነው። ክሱ አልተነሳም፤ እንቀጥላለን" አሉ።

በሩ አጠገብ ቆማ የነበረችው ሾዴ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ወዲያው እጇ እንደ ልማዷ ቦርሳዋ ውስጥ ገባ። መሃረቡ ብቻ ነው ያለው። አወጣችውና ዓይኗን ጠረገችበት።