ድሬዳዋ ወይስ ጅጅጋ

ልጄ፣ የላክሽልኝን ፎቶ ትናንት ከሰዓት ሱቁ በር ላይ ቁጭ ብዬ አየሁት። አረንጓዴ ሜዳ፣ መሀሉ ላይ አንድ አሮጌ መድፍ፣ አፈሙዙ ላይ ወፍ አርፋለች። ከሥሩ ድምፅሽ አለ፤ «እማዬ፣ አሜሪካኖች ድሮ እርስ በርስ የተዋጉባቸው ሁለት ከተሞች አሉ፤ በእረፍት ቀኔ የምጎበኘውን አንዱን ምረጪልኝ» ትያለሽ። ስማቸው አፌ ላይ አልዞር አለኝ፤ የሁለቱም መጨረሻ «በርግ» ነው።

ፈሪ መሆኔን ታውቂያለሽ። እዚህ ሚኤሶ ድረስ ሄደሽ እንኳ ደረስኩ ካላልሽኝ እህል አይወርድልኝም ነበር። መድፉን ሳይ ግን ፍርሃት ብቻ አይደለም የመጣብኝ። የናፍጣ ሽታ መጣብኝ፣ የደንገጎ ብርድ መጣብኝ፣ እናቴ መጣችብኝ። እሷም እንዳንቺ ከሁለት የጦር ሜዳ ከተሞች አንዱን መምረጥ ነበረባት።

የምንኖርባትን ጭሮን ያኔ አሰበ ተፈሪ ነበር የምንላት። አባቴ በሶማሊያ ጦርነት ዘምቶ ቀረ። መርዶ የሚነግረን ሰው አልመጣም፣ አስከሬኑም አልመጣም። አንድ እግሩን ያጣ ጎረቤታችን «ክረምት ላይ ድሬዳዋን ስንከላከል ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ። አንድ የጦር መኪና ሹፌር ደግሞ «የለም፣ እስከ የካቲት አብረን ነበርን፤ ጅጅጋ መግቢያ፣ ካራማራ ተራራ ላይ ነው የቀረው» አለ። ሁለቱም ማሉ። እናቴ ቦታውን ሳላየው አላለቅስም ብላ ዓመታት ቆየች። ሁለቱንም ለማዳረስ ደግሞ አቅም አልነበራትም።

አንድ ቀን ማለዳ ቀሰቀሰችኝና ተነሳን። አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። እኔ አባባን ልናመጣው የምንሄድ መስሎኝ ነበር። አውቶቡሱ ሂርናን አልፎ ዳገቱን ሲይዝ ረዳቱ ሂሳብ ሊቀበል መጣ።

«የት ናችሁ፣ እናቴ?»

«ደንገጎ።»

«ደንገጎ ማን አላችሁ? ነፋስ ነው እኮ ያለው።»

ተሳፋሪው ሳቀ። ደንገጎ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ነው፤ በግራ ቁልቁል ወደ ድሬዳዋ፣ በቀኝ ወደ ሐረርና ጅጅጋ። እናቴ ገና ስላልቆረጠላት እስከ መለያያው ብቻ ነበር የከፈለችው።

ወረድን። ጉም ነበር፣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። የተቀቀለ ድንች በጨርቅ ሸፍና የምትሸጥ ሴት አጠገብ ተቀመጥን፤ የድንቹ እንፋሎት ፊቴን ያሞቀኝ ነበር።

«ኤሳ ዴምታ?» አለቻት። ወዴት ነሽ ማለቷ ነው።

እናቴ በምትችላት ኦሮምኛ ነገረቻት፤ የጎደለውን በአማርኛ ሞላችው። ሴትዮዋ አዳመጠቻትና በአገጯ ወደ ቁልቁለቱ አመለከተች።

«ድሬ እዚሁ ናት፣ እህቴ። ለምሳ ትደርሻለሽ። ጅጅጋ ሩቅ ነው፣ ልጅቷም ትደክማለች። ምን ያለፋሻል?»

የድሬዳዋ መኪና መጥቶ ቆመ። እናቴ እጄን ይዛ ተነሳች፤ አንድ እግሯን መርገጫው ላይ አደረገችና ቀረች።

«ትወጫለሽ ወይስ መኪናውን እየባረክሽልኝ ነው?» አላት ረዳቱ።

«ሂድ፣ ልጄ» አለችው። እግሯንም መለሰች።

«ምነው?» አለች ድንች ሻጯ፣ ተመልሰን ስንቀመጥ።

እናቴ የመኪናው ድምፅ ጉሙ ውስጥ ሲጠፋ ነው የተናገረችው።

«ድሬዳዋ ከሆነ ክረምቱን አልወጣም። ጅጅጋ ከሆነ ግን መስከረምን አይቷል። ገናን አይቷል። ጥምቀትን አይቷል።»

ሴትዮዋ አንድ ድንች ላጠችና እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። «እንግዲያው ጅጅጋ ሂጂ» አለቻት።

ያን ጊዜ አልገባኝም። አንቺ ስልክ ሳታነሺ የቀረሽ ማታ ነው የገባኝ፤ ሰው ለሚወደው አንዲት ቀን ለመጨመር የማይሄድበት ቦታ የለም።

ሐረር አደርን። በማግስቱ ካራማራ ላይ ኬላ ነበርና ለፍተሻ አስወረዱን። ፀሐዩ ድንጋዩን አግሎት ነበር፣ የደረቀ ሣር ይሸታል። እናቴ ከመንገዱ ወጣ ብላ ሄደች፤ ተከተልኳት። ቆመችና ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ ለበሰች፤ ለቅሶ ቤት እንደምትለብሰው።

«አባባ የታለ?» አልኳት።

«እዚህ ነው።»

«የቱ ጋ?»

ዳገቱን አየች። ቁልቁለቱን አየች። ቁጥቋጦውን፣ የአውቶቡሱን ጎማ፣ የቆምንበትን መሬት አየች።

«ቀስ ብለሽ ርገጪ» አለችኝ።

ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝኩ። ሹፌሩ ጥሩምባ እየነፋ ሲጣራ፣ እሷ በግራዬ እየሄደች፣ እኔ እስከ አውቶቡሱ ድረስ በእግሬ ጣቶች ጫፍ ሄድኩ።