ካርቶኑን ያነደድኩ ለታ

ከፒያሳ ሲወስዱኝ ነጠላ ጫማ ነበር ያደረግሁት። ለእስር አምሮበት የለበሰ ሰው ብትፈልጉ እኔን አትጥሩ። ከሌሎች እስረኞች ጋር ወደ ደጋው ወስደው ያወረዱን ባዶ የእህል መጋዘን በር ላይ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮው የተበሳሳ፣ በበሩ ሥር ነፋስ የሚያፏጭበት።

ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ መትቶን ስለነበር ስንገባ ሁላችንም በስብሰናል። ጥግ ላይ የካርቶን ክምር አየሁ። ለሲጋራ የያዝኳትን ክብሪት ፈታሾቹ አላገኟትም፤ በፌስታል ጠቅልዬ ብብቴ ውስጥ ነበረች። ብልህነቴ ተነሣብኝና ካርቶኑን ልለኩስ ክብሪቷን አወጣሁ።

ሲያስለው የዋለ አንድ የደጋ ገበሬ እጄን ያዘ።

«ምነው አያ? እሱ እኮ መኝታችን ነው። መጀመሪያ ከሥር ይነጠፋል፣ ቀጥሎ ነፋሱ ይደፈናል። እሳት መጨረሻ ነው።»

«በዚህ ዕድሜዬ እሳት መሞቅ ካንተ ልማር?» አልኩና ጫርኩ።

ካርቶኑ ቦግ አለ። ሙቀቱ በቆርቆሮው ቀዳዳ ወጣ፣ ጭሱ እኛ ዘንድ ቀረ። እጄን አገላብጬ ሳልጨርስ አመድ ሆነ።

ገበሬው እየሳለ ሣቀ። «ሸጋ ነው፣ አያ ፒያሳ። እንግዲህ አመዱ ላይ ይተኛሉ።»

እሱ የተኛው ሲሚንቶው ላይ ነው። በማግስቱ ሳሉ ደም ይዞ መጣ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። ክፍሉ ውስጥ ፍም የሞላ የከሰል ምድጃ አለ። እጄ እኔን ሳያስፈቅድ ወደዚያው ሄደ። መርማሪው ወረቀት ገፋልኝ፤ ገበሬው ታጣቂዎችን ቤቱ ሲያሳድር አይቻለሁ ይላል። እኔ ሰውየውን ያየሁት መጋዘን ውስጥ ነው።

«አባባ፣ ይፈርሙና እዚሁ ሲሞቁ ይዋሉ። ነገ ቤትዎ ይገባሉ።»

ጀግና አልነበርኩም። ብዕሩን አንሥቼ ፍሙን አየሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት።

«ልጄ፣ እሳት መጨረሻ ነው ተብያለሁ» አልኩት። «ያንን ባዶ ካርቶን ግን ብትሰጠኝ እወስዳለሁ።»

መርማሪው ጠረጴዛው ሥር የነበረውን የወረቀት ካርቶን በእግሩ ገፋልኝና ውጣ አለኝ። ወደ መጋዘኑ ወስጄ ዘረጋሁት፣ ገበሬውንም ደግፌ አነሣሁና ከሥሩ አነጠፍኩለት።

«አሁን ገባዎት» አለኝ።

አዎ፣ ገባኝ። ሁለት ቀን ዘግይቶ።

በማግስቱ በቃሬዛ አወጡት። የት እንዳደረሱት እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

እኔን ቆይተው ፈቱኝ፤ አሁን አዘዞ ልጄ ቤት ነኝ። ሲበርደኝ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይሰኩልኛል፤ እኔ ግን መጀመሪያ ከእግሬ ሥር ካርቶን አነጥፋለሁ። ልጆቹ «አባባ ጃጁ» ይባባላሉ። ምነው ያኔ ጃጅቼ፣ ክብሪቷን የት እንዳስቀመጥኳት በረሳሁ።